«መቃኘት ብቻ ነው የሚፈልገው» የምትባለዋ ውሸት

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በተለይ ደግሞ እዚህ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ልጆቻችሁን ፒያኖ የምታስተምሩ ወላጆች፤ ጽሑፉ ረዘም ስላለ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ። ለብዙዎቻችሁ በየግላችሁ ስመልስ የከረምኩትን ዛሬ በአደባባይ ልናገረው ነው። አነስተኛ ገንዘብ ይዛችሁ አሮጌ ግራንድ ፒያኖ አትግዙ። በ1,000፣ በ2,000፣ በ3,000 ዶላር የሚገኝ ግራንድ ብዙውን ጊዜ ፒያኖ ሳይሆን ፒያኖ የሚመስል የቤት ዕቃ ነው። ይኼን በማለቴ የሚቀየመኝ ሻጭ እንዳለ አውቃለሁ። ይቀየም።

ከማስታወቂያ ላይ የማትጠፋ አንዲት አባባል አለች፤ «መቃኘት ብቻ ነው የሚፈልገው»። ክሬግስሊስት ላይ አለች፣ ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ አለች፣ የሟች እናቱን ቤት ባዶ እያደረገ ያለ ጎልማሳ አፍ ላይም አለች። እስቲ አስቡት። የሚፈልገው መቃኘት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰውየው 200 ዶላር ከፍሎ አስቃኝቶ 1,000 ዶላር ጨምሮ አይሸጠውም ነበር? ለምን ያላስቃኘው ይመስላችኋል? ወይ ቃኚ ጠርቶ «ይኼ ቅኝት አይዝም» ተብሏል፣ ወይ ደግሞ ለአሥራ አምስት ዓመት ክዳኑን ከፍቶ አይቶት አያውቅም። በሁለቱም መንገድ ቃሉ ዋጋ የለውም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ውስጡን ልንገራችሁ። አንድ ፒያኖ 88 ቁልፍና ወደ 230 የሚጠጋ ክር አለው። የክሮቹ ጉተታ ተደምሮ 18 ቶን አካባቢ ይደርሳል፤ የአሥር መኪና ክብደት በሉት። ጉተታውን የሚሸከመው የብረት ፍሬሙ ነው። የእያንዳንዱን ክር ቅኝት ይዞ የሚያቆየው ግን ብረት ሳይሆን እንጨት ነው። የመቃኛ ችንካሮቹ ፒንብሎክ በሚባል ተደራራቢ ጣውላ ውስጥ ተጣብቀው የሚቆሙት በጥብቀታቸው ብቻ ነው፤ ሙጫ የለ፣ ብሎን የለ። ይኼ እንጨት ለሰማንያና ለመቶ ዓመት በየዊንተሩ በማሞቂያ ሲደርቅ፣ በየሰመሩ በወበቅ ሲረጥብ ከርሞ ይሰነጠቃል፣ ችንካሩም ይላላል። ከዚያ በኋላ ሰኞ የተቃኘው ዓርብ ይወርዳል። ቃኚው ሌባ ስለሆነ አይደለም፤ የሚይዝለት እንጨት ስለሌለ ነው። ይኼን ለማስተካከል ክሩን በሙሉ አውልቆ፣ ፒንብሎኩን ቀይሮ፣ በአዲስ ክር መልሶ ማሰር ያስፈልጋል። ሺዎች ዶላር ነው። የመዶሻዎቹ ሱፍ ተበልቶ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሺዎች። ሙሉ እድሳት ከተባለማ 20,000 ዶላር ጥሎ ይሄዳል። እና ይኼ ሁሉ ካልተሠራ በ1,500 ዶላር የገዛችሁት ምንድን ነው? አራት ሜትር ካሬ የያዘ ጥቁር ጠረጴዛ።

«በነጻ ውሰዱ» የሚለውማ ይብሳል። አሜሪካ እኤአ በ1909 ብቻ ከ350,000 በላይ ፒያኖ ሠርታለች። እነዚያ ፒያኖዎችና የልጅ ልጆቻቸው አሁን በየምድር ቤቱ ተከማችተው የሚወስዳቸው አጥተዋል። ፒያኖ ማስጣል ራሱ በመቶዎች ዶላር ያስከፍላል። ስለዚህ ሰውየው ግራንዱን በነጻ ሲሰጣችሁ ብዙ ጊዜ ስጦታ አይደለም፤ የሱን የቆሻሻ ማስወገጃ ሒሳብ እናንተ እየከፈላችሁለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ እናንተም በተራችሁ «በነጻ ውሰዱ፣ መቃኘት ብቻ ነው የሚፈልገው» ብላችሁ ትለጥፋላችሁ። እንዲህ ሲዞር ሲዞር መጨረሻ ላይ ለቤተ ክርስቲያን የሚበረከት አለ። መዝሙር አገልግሎት ይሰጣል ተብሎ ይገባና፣ ጥግ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበት፣ ዘማሪዎቹ በኪቦርድ ያገለግላሉ። ለመጣልም ይሉኝታ ይይዛል።

አንድ ቤተሰብ ልንገራችሁ፤ ስም አልጠራም። አባት ሌሊት ኡበር ይነዳል፣ እናት በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ልጃቸው ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ጆሮዋ ወርቅ ነው። ከአንድ ሱቅ «እንደ አዲስ የታደሰ» የተባለ ቤቢ ግራንድ በ2,800 ዶላር ገዙ። ለአጓጓዥ 450 ዶላር ከፈሉ። እኔ ያየሁት ሳሎን ከገባ በኋላ ነው። የታደሰው ቀለሙ ብቻ ነበር! ላዩ መስታወት ይመስላል፤ ውስጡ የመቶ ዓመት ክር፣ ውርዴ የወጣው ችንካር፣ ቦይ የተቦረቦረበት መዶሻ። አንዱን ቁልፍ ደጋግማችሁ ስትመቱት ሦስተኛው ላይ ዝም ይላል። ቴክኒሻኑ መጥቶ ቃኝቶት ሄደ፤ በሁለት ሳምንት ወረደ። ሁለተኛ ሲጠራ «ገንዘባችሁን አልቀበልም» አለ፣ እግዜር ይስጠውና።

ከጥቂት ወራት በኋላ እናትየዋ «ጋሼ፣ ልጅቷ ሰነፈች፣ ቤት ውስጥ አትለማመድም» አለችኝ። ልጅቷ አልሰነፈችም። እኔ ጋ ስትመጣ አሳምራ ትጫወታለች። አንድ ቀን ለብቻዋ ስጠይቃት ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? «ቤት ስሆን ጣቴ ይበላሻል»። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ፒያኖው ሊበላሽ እንደሚችል አታውቅም። ትልቅ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ አባቷ ሌሊት እየነዳ ነው የገዛው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የጣቷ ነው። በስምንተኛው ወር አቆመች። አሁን ቮሊቦል ትጫወታለች፣ ደስተኛ ናት ይሉኛል። ፒያኖው ግን ሳሎኑ ውስጥ አለ። እኔን የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው እንጂ 2,800 ዶላሩ አይደለም።

ደግሞ ምኞቱን የምንቅ እንዳይመስላችሁ። ስንቶቻችን ነን ግራንድ ፒያኖ ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ ያየነው የሰው ቤት ስናጸዳ ወይም የሰው አዛውንት ስንጦር? አቧራውን እየጠረግን «አንድ ቀን ለልጄ» ያልን ስንት ነን? ይኼ የሚከበር ምኞት ነው። የማላከብረው በዚህ ምኞት የሚነግደውን ነው። ሻጩ ያውቃችኋል። ስትገቡ ዓይናችሁ ወዴት እንደሄደ ያያል፤ ቁልፉን ሳትነኩ ክዳኑን ስትዳብሱ ያያል። ከዚያ ስለ ክር አያወራችሁም፤ ስለ ሳሎናችሁ ነው የሚያወራችሁ።

አሁን «ግራንድ ካልሆነ እኮ ድምፁ ቀጭን ነው» ለሚለው። ድምፁን የሚወስነው ስሙ ሳይሆን የክሩ ርዝመትና የሳውንድቦርዱ ስፋት ነው። ትልቁ የኮንሰርት ስታይንዌይ 274 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ግራንድ ግራንድ የሚያሰኘውም ይኼ ርዝመት ነው። ቤቢ ግራንድ የሚባለው ግን 150 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከርዝመቱ ከፊሉን ቁልፎቹና የመዶሻው መሣሪያ ይወስዱታል፣ ለባስ ክሩ የሚተርፈው ያን ያህል ረጅም አይደለም። ቁመቱ 131 ሴንቲ ሜትር የሆነ አፕራይት፣ ለምሳሌ ያማሃ ዩ3፣ የባስ ክሩ ከዚህ ቤቢ ግራንድ አይተናነስም፤ ብዙ ጊዜም ይበልጣል። ያ ቁመት ተኝቶ ሳይሆን ቆሞ ስለሆነ ብቻ ነው የተናቀው። 121 ሴንቲ ሜትሩ ዩ1ም ለአንድ ልጅ አሥር ዓመት ይበቃዋል። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የተሠራ፣ በደንብ የተያዘ፣ እዚህ አካባቢ ከ3,000 እስከ 5,000 ዶላር ይገኛል። ካዋይም እንደዚሁ። ወገብ ላይ የሚደርሱትን፣ ስፒኔት የሚባሉትን አጫጭሮች ግን ተዋቸው፤ ስለነሱ ሌላ ቀን እሳደባለሁ። እጃችሁ ላይ 1,500 ዶላር ብቻ ካለ ደግሞ 88 ክብደት ያለው ቁልፍ ያለው ዲጂታል ግዙና በሰላም ኑሩ። ቢያንስ ከቅኝት አይወጣም።

ግራንድ ብልጫ የለውም እያልኩ አይደለም። አለው፤ ግን ሰው የሚያስበው ቦታ ላይ አይደለም። ብልጫው ጣት ላይ ነው። ፈረንሳዊው ሴባስቲያን ኤራር እኤአ በ1821 ባወጣው ዘዴ ምክንያት የግራንድ ቁልፍ እስከ ላይ ሳይመለስ ያው ኖታ እንደገና ሊመታ ይችላል፤ መዶሻውም ተኝቶ ስለሚሠራ በራሱ ክብደት ይወድቃል። አፕራይት ላይ ይኼ የለም። ተማሪዎቼ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ሥራዎች መጫወት ይወዳሉ፤ እዚያ ውስጥ ያሉት ፈጣን፣ ቀላል የጣት ጌጦች በጥሩ ግራንድ ላይ ሲወጡ ሌላ ናቸው። አምናለሁ። ግን ልብ በሉ፤ ይኼ ብልጫ የሚኖረው መሣሪያው በትክክል የተስተካከለ ሲሆን ብቻ ነው። የመቶ ዓመት ሱፍና ቆዳ ባለው ግራንድ ላይ ኤራር የለም። ልጃችሁ ደግሞ ያ ደረጃ ላይ ለመድረስ አምስት ስድስት ዓመት ይፈጅበታል። እስከዚያ ቆጥቡ።

«ጋሼ፣ አንተ ግራንድ አለህ አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። አለኝ። ያማሃ ጂ3 ነው፣ 183 ሴንቲ ሜትር። 7,500 ዶላር ከፍዬበታለሁ፣ ሦስት ዓመት ቆጥቤ። ከሱ በፊት ሁለት ሌሎች ወድጄ ነበር፤ ሁለቱንም ቴክኒሻን አይቶ «ተዋቸው» አለኝ፣ ተውኳቸው። ለምርመራው በየጊዜው 200 ዶላር አካባቢ ከፈልኩ። ያ ገንዘብ የባከነ የሚመስለው ሰው የፒያኖ ሱቅ ባይገባ ይሻለዋል። ቴክኒሻን ስል ደግሞ ሻጩ የሚያመጣላችሁን አይደለም! የራሳችሁን። ፒያኖ ቴክኒሺያንስ ጊልድ የሚባል የሙያ ማኅበር አለ፤ የጽሑፍና የተግባር ፈተናውን ላለፈ አርፒቲ የሚል ማዕረግ ይሰጣል፤ በዚፕ ኮዳችሁ ፈልጋችሁ ታገኛላችሁ። ችንካሮቹን በመለኪያ ይፈትሻል፣ ሳውንድቦርዱን ከሥር በመብራት ያያል፣ መዶሻውን አውጥቶ ያሳያችኋል፣ ከሴሪያል ቁጥሩም የተሠራበትን ዓመት ይነግራችኋል። ሻጩ «ቴክኒሻን አላስገባም» ካለ ወይም «ሌላ ሰው ዛሬ ሊወስደው ነው» ካለ፣ መልካም ቀን ብላችሁ ውጡ። በየዩኒቨርሲቲው አዳራሽ በቀጠሮ የሚደረገው «የዛሬ ብቻ» ሽያጭም ያው ነው፤ ጥድፊያው ራሱ የሽያጩ አካል ነው።

ከጃፓን ያገለገሉ ሆነው ስለሚገቡት ያማሃዎች ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የኩባንያው የአሜሪካ ክንፍ ለጃፓን አየር የተሠሩ ስለሆኑ ለዚህ አገር ደረቅ ዊንተር አይመቹም ይላል። ቴክኒሻኖች በዚህ ተከፋፍለዋል። ኩባንያው አዲስ መሸጥ እንደሚፈልግም አትርሱ። የኔ አቋም፦ የመጣበትን አገር ሳይሆን ፊታችሁ ያለውን ፒያኖ አስመርምሩ፣ ቤታችሁንም ከ40 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ላይ ጠብቁ። የማሞቂያ አየር መውጫ ላይ ፒያኖ የሚያስቀምጥ ሰው አይቼ አልቅሼ አውቃለሁ። እግረ መንገዴን፦ አዲስ አበባ ለዘመድ ግራንድ በኮንቴይነር ልላክ የምትሉ፣ በባሕርና በጅቡቲ ሙቀት አልፎ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ደረቅ አየር ውስጥ የሚገባ እንጨት ምን እንደሚሆን፣ እዚያም የሚጠግነው ባለሙያ ስንት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ራሳችን፣ ወደ መምህራኑ። ይኼን ለመጻፍ ያነሳሳኝ በዋናነት ይኼ ነው። ተማሪ ወደ ሱቅ ለላከ መምህር ኮሚሽን የሚከፍሉ ሱቆች አሉ። በሙያው ውስጥ ያለን ሁላችንም እናውቃለን፤ ለኔም ቀርቦልኛል። ወላጅ «መምህሩ ብሏል» ብሎ 6,000 ዶላር ሲያወጣ፣ መምህሩ በጓሮ ድርሻውን ይወስዳል፣ ወላጅ አያውቅም። ባልደረቦቼ፣ ይኼ ማስተዋወቅ አይባልም፤ በአማርኛ ስሙ ጉቦ ነው። የምትቀበሉ ከሆነ ቢያንስ ለወላጁ ንገሩት፤ «ከዚህ ሱቅ ብትገዙ እኔ ይኼን ያህል አገኛለሁ» በሉት። መናገር ካፈራችሁ አትቀበሉ። ወላጆች ደግሞ ጠይቁ፤ መጠየቅ ስድብ አይደለም። እኔንም ጠይቁኝ። መልሴ «ከየትም አልቀበልም» ነው።

ኮሜንት ክፍት ነው፤ የምትቃወሙኝ ሱቆችም ግቡ። የገዛችሁበትን ሱቅ ስም ግን አትጻፉብኝ፤ ዋጋውን፣ ዓመቱንና ርዝመቱን በሴንቲ ሜትር ጻፉ፤ ሌላው እንዲያነጻጽርበት።