ጡረተኞቹ ብስክሌት ሲከራዩ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም (ተመስገን በሉ)። የምጽፈው ስለ ወላጆቼና ስለ ሁለት የኪራይ ብስክሌቶች ነው።

አባዬ የቢቸና ልጅ ነው፤ እማዬ የሞጣ። ሁለቱም መምህራን ነበሩ። የተዋወቁት ባሕር ዳር መምህራን ኮሌጅ ሲማሩ ነው፤ ኮሌጁ ከፖሊ ቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ ብዙ ዓመት በፊት። ያኔ ባሕር ዳር ማለት ብስክሌት ማለት ነበር። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ዘንባባው ጥላ ይሰጣል፤ ተማሪውም ሠራተኛውም ፔዳል ይመታል። እማዬ ብስክሌት የለመደችው እዚያ ነው። አባዬ «እኔ ነኝ ያስተማርኳት» ይላል። እሷ ደግሞ «እሱን ከቦይ ያወጣሁት እኔ ነኝ» ትላለች። የትኛው እውነት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተጣራም።

ከዚያ ሞጣ ተመደቡ፣ ተጋቡ፤ እማዬም ብስክሌት ተወች። ማንም «ተዪ» አላላትም። «መምህርት በብስክሌት?» የሚል ዐይን ብቻ በቂ ነበር። አባዬ ግን ጎማው እስኪያልቅ ነዳ። ለእሱ ዐይን አልነበረም።

እናላችሁ፣ 60 ዓመት ሞላቸውና ተራ በተራ ጡረታ ወጡ። በፋሲካ ማግስት ቡና ላይ ተቀምጠን እማዬ ድንገት «ባሕር ዳር ሄደን ብስክሌት ተከራይተን እስከ ሐይቁ ብንሄድ ምን ይመስልሃል?» አለችው። አባዬ ሲኒውን አስቀመጠና «መቼ?» አለ።

እኔስ ምን አልኩ? ጋዜጠኝነት የተመረቅኩት፣ ስለ ሴቶች መብት አሳይመንት ጽፌ ኤ ያገኘሁት እኔ፣ «እማዬ፣ ሰው ምን ይላል?» አልኩ። አፌ ቀደመኝ። እማዬ ምንም አልመለሰችልኝም፤ ሁለተኛውን ቀዳች። ያ ዝምታ ነው ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ።

ነገሩን ሳስበው ያሳፍረኛል። ጠበል እንሄዳለን ቢሉ ኖሮ ስንቁን የማዘጋጀው እኔው ነበርኩ። ለቅሶ ለመድረስ ቢቸና ድረስ ሲመላለሱ ማንም «ምን ነካችሁ» ብሏቸው አያውቅም። ጡረተኛ በእኛ አገር ለእድር፣ ለማኅበር፣ ለሽምግልና፣ የልጅ ልጅ ለመያዝ ይፈለጋል። ሁለት ጡረተኞች ለምንም ሳይሆን፣ ደስ ስላላቸው ብቻ፣ ጎን ለጎን መሄድ ሲያምራቸው ግን ጉዳዩ ያስቃል። የሚስቀው ደግሞ በአብዛኛው ጎረቤት አይደለም፤ እኛ ነን፤ ልጆቻቸው።

የአገሩ ታላቅ የፍቅር ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከቢቸና ብዙ የማይርቀውን ዲማን ያውቃል፤ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ የተገናኙት እዚያ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ካሳተሙበት ከ1958 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ትውልድ አልቅሶላቸዋል። ግን አስቡት፣ ሁለቱ አብረው አላረጁም። ፍቅርን እናውቃለን፣ መቃብሩንም እናውቃለን፤ መሃል ያለችው «እስከ» ላይ ግን ታሪክ የለንም። የጡረታ ሕጋችንም ባልና ሚስትን በደንብ የሚያስታውሰው አንዱ ሲሞት ነው፤ ለሚተርፈው ሟች ያገኝ ከነበረው አበል ግማሹ ይታሰባል። ሁለቱም በሕይወት እያሉ ግን አበሉ ከጤፍና ከመድኃኒት ተርፎ ለሁለት ሰዓት የብስክሌት ኪራይ እንዲበቃ ማን ይጨነቃል?

ብስክሌትን እንዳንጠላ እናውቀዋለን። አገራችን ኦሎምፒክ ላይ መጀመሪያ በተሰለፈችበት በ1949ኙ የሜልበርን ውድድር ብስክሌተኞችም ነበሯት። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን አጨብጭበናል። ለሚቸኩል እናጨበጭባለን። ሳይቸኩል የሚነዳው ነው የሚያስቀን። ሆላንድ ውስጥ ነጭ ፀጉር ያላቸው ባልና ሚስት በብስክሌት ገበያ ሲሄዱ ዞሮ የሚያይ የለም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ እሱ አያስቅም። ከሞጣ ባሕር ዳር ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ፣ በክልሉ ጦርነቱ ከተቀሰቀሰ ጀምሮ፣ ይህ መንገድ በሰው አፍ «ክፍት ነው? ዝግ ነው?» ሆነ። ጉዞው ስንት ጊዜ ተቀጠረ፣ ስንት ጊዜ ፈረሰ። እማዬ ሻንጣዋን አዘጋጅታ መልሳ ትፈታለች። ስድሳ ዓመት ላለፈው ሰው «ሲረጋጋ ትሄዳላችሁ» ማለት ለእኛ እንደሚባለው አይደለም። እኛ ዓመት እንቆጥራለን፤ እነሱ ጉልበታቸውን።

በመጨረሻ ሄዱ። እኔም ተከተልኩ፤ ይቅርታ ልጠይቅ ይሁን ልጠብቃቸው አላውቅም።

ጠዋት ነው፣ ባጃጁ ገና አልበዛም። እማዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች። መጀመሪያ መሪው ተንቀጠቀጠባት፤ አባዬ «ወደ ፊት እዪ፣ ጎማውን አትዪ!» ይላታል፣ ልክ እንደ ክፍል ውስጥ። ሃምሳ ሜትር ያህል ሄደች፣ ከዚያ ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ። አካሏ አልረሳም። መንገድ ዳር የቆሙ ጎረምሶች «ማዘር፣ ማርሽ ቀይሪ!» አሉ። እሷ ደወሏን መታችላቸው።

በነገራችን ላይ፣ ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ለብስክሌትም መንገድ ተሠርቶለታል። አባዬ እሱንም ማየት ፈልጎ ነበር። እማዬ «መጀመሪያ ሐይቁ» አለች፤ ሐይቁ ሆነ።

ጣና ዳር ደርሰው ብስክሌቶቹን ዛፍ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ባሕር በሌላት አገር ባሕር ዳር የምትባል ከተማ አለችን፤ ለሁለት ጡረተኛ መምህራን ያ በቂ ነበር። ፈንግይ ያለው ውሃ ነው፣ ደንገል አለ፣ ታንኳ አለ። ብዙም አላወሩም። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ስልኬን የማይ መሰልኩ።

ስንመለስ ሰዓቱ አልፎ ነበር። አከራዩ ልጅ የአንድ ሰዓት ጭማሪ ጠየቀ፤ አባዬ ሳይከራከር ከፈለ (ይህ ራሱ ዜና ነው)። እማዬ ግን ብስክሌቱን ስታስረክብ ልጁን በመምህር ዐይን አየችው።

«ነገም እንመጣለን» አለችው፤ «የኋላ ፍሬኑ አይዝም፤ እስከዚያ አሠራልኝ።»