የደበዘዘው ጉንጭ ይቆይ
ወደ ስብስቤ በጨመርኳት አሮጌ የጣሊያን አሻንጉሊት ላይ ዓይኔን የያዘው የቀሚሷ ጌጥ ሳይሆን ከእጅጌዋ ሥር የተደበቀው ቀለም ነው። ፊቷን ብርሃን አደብዝዞታል፤ እጅጌዋን ገለጥ ሲያደርጉት ግን ክንዷ የጥንቱን ሞቅ ያለ መልክ እንደያዘ ነው። ኤሌና ኮኒግ ስካቪኒና ባለቤቷ ኤንሪኮ እ.ኤ.አ. በ1919 ቱሪን ላይ የመሠረቱት የሌንቺ ቤት ሥራ ናት። ገላዋ ከፌልት፣ ማለትም ሳይሸመን ተጨምቆ እርስ በርሱ ከተያያዘ ሱፍ የተሠራ ነው። ፊቷ በቅርጽ ማውጫ ተጭኖ የወጣ ነው፤ በእጅ የተሣሉት ዓይኖቿ ወደ ጎን ያያሉ፤ መካከለኛዎቹ ሁለት ጣቶቿም አብረው ተሰፍተዋል። እንዲህ ያለችውን አሻንጉሊት ሲያገኙ ጉንጯን እንደገና የሚያስቀቡ ሰብሳቢዎች አሉ። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ፌልት እንደ ሸክላ ታጥቦ አይጠራም፤ ቀለሙን ወደ ውስጥ ስለሚመጥጥ አንዴ የተቀባው በቀላሉ አይለቅም። የመጀመሪያው ሠዓሊ ብሩሽ ያረፈበት ቦታ በአዲስ ቀለም ከተሸፈነ፣ የምናየው የቱሪኑን እጅ ሳይሆን የራሳችንን ምኞት ነው። የሰብሳቢ ድርሻ ከፀሐይ ማራቅ፣ ብል እንዳይገባባት በየጊዜው መፈተሽ፣ ያላትንም ማቆየት ነው። ዕድሜዋን መደበቅ ታሪኳን መፋቅ ነው፤ ከእኛ በኋላ ከሚረከባት ሰው ላይ ያንን የመውሰድ መብት የለንም።