የስፖንጅ ሽጉጥ ለልጅ ይገዛል?

ከቡሬ የደወሉልኝ አንዲት አያት፣ «ሲስተር፣ የልጅ ልጄ ያቺን ስፖንጅ የምትተኩስ ሽጉጥ ካልገዛሽልኝ ብሎ ምግብ አልቀምስ አለኝ። ዓይን አታጠፋም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። በወሬ ከምመልስላቸው ብዬ ፍኖተ ሰላም ገበያ ወጣሁና ሁለት ገዛሁ፤ አንዷ ከዚህ ቀደም የምናውቃት ናት፣ ሁለተኛዋን ነጋዴው «የተሻሻለች ናት፣ ሞላዋ ጠንካራ ነው» ብሎ የሰጠኝ ናት።

አሠራራቸው ከመርፌ ስሪንጅ ብዙም አይለይም። ሲያቀባብሏት ሞላው ይጨመቃል፤ ቃታው ሲሳብ ሞላው ይላቀቅና ገፊውን ወደፊት ይወረውረዋል፤ የታመቀው አየር የስፖንጅ ጥይቷን በአፈሙዙ ያስወጣታል። አዲሷ ሞላዋ ወፍራም ነው፤ ገፊው ላይም አየር የማያሳልፍ ጎሚኒ ገብቶበታል። የድሮዋ አየሩን ግማሹን በጎን ታባክነዋለች።

በግቢዬ ሞከርኳቸው። የድሮዋ ጥይት ስምንት እርምጃ ያህል ሄዳ ወደቀች። የአዲሷ አሥራ ሰባት እርምጃ አልፋ አጥሩን መታች። ጋዜጣ ወጥሬ አስይዤ ከሦስት እርምጃ ስተኩስ የድሮዋ ነጥራ ተመለሰች፤ አዲሷ ወረቀቱን ቀደደችው። ክንዴ ላይም ሞክሬያታለሁ (ጎረቤቴ «ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ ያጣል» ብላ ሳቀችብኝ)፤ የቀላው ቆዳ ቡና ተፈልቶ እስኪቀርብ አልጠፋም። የጥይት ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የምትመታበት ጉልበት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው። ነጋዴው «ትንሽ ጠንከር ያለች» ያላትን በዚህ መዝኑት።

እንደ መጫወቻ ግን አዲሷ ትሻላለች፤ ይህን ልሸሽግ አልችልም። ቃታዋ አይነክስም፣ ሁለት መቶ ጊዜ ያህል ተኩሼባትም አልተሰበረችም። የድሮዋ በአርባኛው ላይ መያዣዋ ተሰነጠቀ።

ወደ ዓይን ልምጣ። በዓለም የታወቀው የዚህ መጫወቻ ስም ነርፍ ነው፤ በ1969 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የቤት ዕቃ የማይሰብር የስፖንጅ ኳስ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ሙርፊልድስ የዓይን ሆስፒታል ሐኪሞች በእንዲህ ዓይነት ጥይት ዓይናቸውን የተመቱ ሦስት ሰዎችን ታሪክ በሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ፤ ሁለቱ አዋቂዎች ናቸው፣ አንዱ የ11 ዓመት ልጅ። ሦስቱም በዓይናቸው የፊት ክፍል ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። ደግነቱ ዳኑ። ሐኪሞቹ የዓይን መከላከያ እንዲደረግ መክረው፣ ጫፋቸው ጠንካራ ስለሆኑት አስመስለው የተሠሩ ርካሽ ጥይቶችም አስጠነቀቁ። ገበያችን ያለችውን ጥይት ጫፏን በጥፍራችሁ ተጫኗት፤ ካልሰመጠች አትግዟት።

እኔን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። የስፖንጅ ጥይት በሦስት ቀን ይጠፋል፤ አንዱ ከአልጋ ሥር፣ አንዱ ከአጥር ማዶ። ልጅ ደግሞ ባዶ ሽጉጥ ይዞ አይቀመጥም። ሽምብራ ይከታል፣ የእስክሪብቶ ቁራጭ ይከታል፣ የባሰበት ሚስማር ይከታል። በደካማው ሞላ ሚስማሩ እግሩ ሥር ይወድቅ ነበር፤ በተሻሻለው አይወድቅም። ስለዚህ የምትገዙ ከሆነ ትርፍ ጥይት አብራችሁ ግዙ፤ ጥይቱ ሲያልቅ ሽጉጧን ቁም ሳጥን ላይ አውጧት።

ሁለተኛው ስጋቴ መልኳ ነው። የገዛኋት ጥቁር ናት፤ ከሩቅ እውነተኛውን ትመስላለች። አሜሪካ ውስጥ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጫወቻ ጠመንጃ አፈሙዝ ብርቱካንማ ቀለም እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። እንዲያም ሆኖ በ2014 እ.ኤ.አ. ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ የ12 ዓመት ልጅ የያዘው መጫወቻ ምልክቱ ተነቅሎ ስለነበር እውነተኛ መስሎት ፖሊስ ተኩሶ ገድሎታል። እኛ ደግሞ በምን ጊዜ ላይ እንዳለን እናንተው ታውቃላችሁ፤ ከመሸ በኋላ ጥቁር ነገር ጨብጦ ከአጥር ጥግ ብቅ የሚል ልጅ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ይኑር አይኑር አይታወቅም። እኔ የገዛኋትን ሙሉ በሙሉ ቢጫ ቀለም ቀባኋት። ከግቢ እንዳትወጣም ከልክያለሁ፤ ትምህርት ቤትም፣ ጥምቀትም፣ ገበያም።

ለቡሬዋ እናቴ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፦ ልጁ ስምንት ዓመት ካልሞላው አይሁን። ከሞላው የድሮዋ ትበቃዋለች። አዲሷን ካለ ደግሞ መከላከያ መነጽር ከሚያደርግ ልጅ ጋር፣ ትልቅ ሰው ባለበት፣ ፊት ላይ ሳይነጣጠር። ቤት ውስጥ ከሦስት ዓመት በታች ሕፃን ካለ ጥይቶቹን ቆጥሮ መሰብሰብ የግድ ነው፤ ጉሮሮ ይዘጋሉ።

ልጅ ዓይኑን ከተመታ አታሹት፣ አትጫኑት፤ ቅቤም፣ የጡት ወተትም፣ ቅጠልም አታድርጉበት። አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን አትስጡት፤ ደም እንዳይቆም ያደርጋሉ። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡትና ዓይኑን ሳይነካ የሚሸፍን ነገር፣ ለምሳሌ የወረቀት ስኒ ቂጥ፣ ከላይ አድርጋችሁ በፕላስተር ያዙት። ብዥ ካለበት፣ ብርሃን ከጠላ፣ በጥቁሩ ፊት ቀይ ደም እንደ አተላ ሲዘቅጥ ካያችሁ ወይም የዓይን ብሌኑ ቅርጽ ከተዛባ በዚያው ቀን ሆስፒታል አድርሱት። ሕመሙ ቀለለ ብላችሁ ለነገ አታሳድሩት፤ የቆመ ደም በቀጣዮቹ ቀናት ዳግም ሊፈስ ይችላል፣ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ይከፋል።