ተምሮ ለሚመለሰው ሹም ወንበሩ ይሰናዳለት

መንግሥት ከሕዝብ ግብር በሚያገኘው ገንዘብም ሆነ በወዳጅ መንግሥታት ርዳታ ወጣት ሠራተኞቹን ወደ ባሕር ማዶ ሰድዶ ማስተማሩ አገርን የሚጠቅም ሥራ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ሠራተኛው በሚሄድበት ቀን ዘመድ ወዳጁ ይሸኘዋል፤ አለቃውም መልካም ምክር ይመክረዋል። በሚመለስበት ቀን ግን ዘመዱ እንጂ መሥሪያ ቤቱ ሲቀበለው እምብዛም አይታይም። እኛም ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናመለክት የወደድነው ስለ መሄዱ ሳይሆን ስለ መመለሱ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ከጻፉ ወዲህ የጃፓንን ሥልጣኔ በምሳሌነት መጥቀስ ለብዙዎቻችን ልማድ ሆኖ ኖሮአል። ነገር ግን የምንጠቅሰው የተሳካላቸውን ነው እንጂ ተሳስተው የታረሙበትን አይደለም። የሜይጂ መንግሥት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ወጣቶችን ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ልኮ ነበር። ከእነዚህም ብዙዎቹ በዕውቀታቸው ተመዝነው ሳይሆን በወገን የተመረጡ፣ ለትምህርቱም በቅጡ ያልተሰናዱ ስለ ነበሩ ወጪው ከፍሬው በለጠ። ስለዚህ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1873 መንግሥቱ ተማሪዎቹ እንዲመለሱ አዘዘ፤ በ1875 ደግሞ ተመርምረው የተመረጡትን ጥቂቶች ብቻ መላክ ጀመረ። አንድ መንግሥት ስሕተቱን አምኖ በሁለት ዓመት ውስጥ ሥርዐቱን ማደሱ በራሱ የሚያስመሰግን ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ተማሪዎቹ ሲመለሱ የተደረገው ነው። በዚያ ዘመን ጃፓን በከባድ ደመወዝ የተቀጠሩ ብዙ የውጭ አገር መምህራንና መሐንዲሶች ነበሩአት። ተምሮ የተመለሰው ጃፓናዊ የሚቀመጠው በእነዚህ ሰዎች ወንበር ላይ ነበርና የሚሠራው ሥራ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ከ1900 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል በመንግሥት ገንዘብ ለንደን የተቀመጠው ደራሲው ናትሱሜ ሶሴኪ እንኳ፣ ምንም በለንደን ኑሮው የተማረረ ቢሆን፣ ሲመለስ በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ከላፍካዲዮ ኸርን ቀጥሎ እንዲያስተምር ተደረገ።

ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ በሩስያ አገር የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ዕውቀታቸው ሥራ ላይ የዋለው ሥራው ስለ ተሰጣቸው ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተጀመረው ጭፍጨፋና ከዚያም በኋላ የፋሺስት ጠላት የተማሩትን ወጣቶች እየለየ ፈጃቸው። ጠላት የአንድ የተማረ ወጣት ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ጠንቅቆ ዐውቆ ነበር፤ ከነጻነት በኋላ እንደ ገና ተማሪዎችን ወደ ውጭ መላክ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ ግን ከተላኩት ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ፤ ለዚህም የጊዜው መከራ ምክንያት እንደ ነበረ አይካድም።

ዛሬ መሥሪያ ቤቶች ተማሪው እንዳይቀርባቸው ውል ያስፈርሙታል፣ ዋስም ያስጠሩታል። ይህ ደግ ነው። ዋስ ግን የሚያስመልሰው እግሩን ብቻ ነው። የዕዳ ውልን ምሥጢር አጥንቶ የመጣ ወጣት ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲመዘግብ ከዋለ፣ ሰውየው ተመልሶአል፤ ትምህርቱ ግን ባሕር ማዶ ቀርቶአል። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. የዕዳዋ መክፈያ ጊዜ እንዲሸጋሸግላት በጠየቀች ጊዜ በገበታው ማዶ የተቀመጡት አበዳሪዎች ምን ዐይነት ሊቃውንት እንደሚያሰልፉ ለማንም የተሰወረ አይደለም። በእኛ በኩል የሚቀመጠው ሰው ከመዝገብ ቤት ተጠርቶ የሚመጣ መሆን የለበትም።

እርግጥ ነው፣ በአገር ቤት የቀሩት ባልደረቦቹም ቅሬታ አላቸው። እርሱ ሲማር የእርሱን ሥራ ደርበው ሲሠሩ ኖረው፣ ሲመለስ በላያቸው ቢሾም ቅር መሰኘታቸው አይፈረድባቸውም። አለቃም አንዳንድ ጊዜ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ ሎሌ ያሳድርብኛል ብሎ ይሠጋል (ይህን ማንም በአፉ አይናገረውም)። ነገሩ በግልጥ አስቀድሞ ካልተቆረጠ ግን ቅሬታውና ሥጋቱ ተባብረው ተመላሹን ከጥግ ያስቀምጡታል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በዝተዋልና ወደ ውጭ መላክ ይቅር የሚሉም አሉ። ለመጀመሪያ ዲግሪ ቃላቸው ትክክል ነው፤ ከሌሎች መንግሥታት ጋር የሚከራከር ሹም ግን የሌሎቹን አገባብ ከቦታው ሄዶ ቢያይ ይሻለዋል።

ስለዚህ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን ከመላኩ በፊት ሦስት ነገር በደብዳቤ እንዲጽፍ እንለምናለን፤ በምን ፈተና እንደ ተመረጠ፣ የየትኛውን የአገር ችግር መልስ ሊፈልግ እንደሚሄድ፣ ሲመለስም በየትኛው ሥራ ላይ እንደሚቀመጥ። የመመረቂያ ጽሑፉንም በዚያው ችግር ላይ እንዲጽፍ ይታዘዝ። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ በመዝገብ ቤት ይቀመጥ፣ ሁለተኛውን ተማሪው ከፓስፖርቱ ጋር ይዞት ይሂድ።