ሳያረጅ ጡረታ የወጣው ኮምፒዩተር

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን ነፃ የጥገና አገልግሎት አቋረጠ። ዊንዶውስ 10 ገበያ ላይ የዋለው ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ስለነበር ከአሥር ዓመት በላይ አገልግሏል ማለት ነው። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከመስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ወጥቷል። የማቋረጫው ቀን ከዓመታት በፊት የተነገረ ቢሆንም፣ እንደ ልማዳችን ሆኖ ብዙዎቻችን ወሬውን የሰማነው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው።

ወሬው የደረሰው ነጋዴ በሁለት ጎራ ተከፍሏል። አንደኛው «ኮምፒዩተሬ ሊቆም ነው» ብሎ ደንግጦ ወደ መደብር የሚሮጠው ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ምን ሆነና? ይኸው ዛሬም ጠዋት ተከፍቷል፤ ደብዳቤም አትሟል» ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ሁለቱም ተሳስተዋል የሚል ነው። የመጀመሪያው ገንዘቡን፣ ሁለተኛው ሰነዱን ሊያጣ ይችላል።

ለመሆኑ «አገልግሎቱ ተቋረጠ» ሲባል ምን ማለት ነው? ኮምፒዩተሩ አይቆምም። ፋይል ይከፍታል፣ ይጽፋል፣ ያትማል። የቆመው በየወሩ ይላክ የነበረው የቀዳዳ መድፈኛ ነው። ዊንዶውስን የመሰለ ግዙፍ ሶፍትዌር ሌባ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አያጡትም። ኩባንያው ቀዳዳዎቹ በታወቁ ቁጥር መድፈኛ እያዘጋጀ ይልክ ነበር። ከእንግዲህ የሚገኝ ቀዳዳ ግን ክፍት ሆኖ ይቀራል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ብዙ የጋራ አካል ስላላቸው ለአዲሱ የሚወጣው መድፈኛ ራሱ የአሮጌው ቀዳዳ የት እንዳለ ለሌባ ይጠቁማል። ነገሩ ቁልፉ መበላሸቱ የታወቀበት፣ ጠጋኙም የተሰናበተበት መጋዘን ይመስላል። በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ዕቃውም በቦታው አለ። ችግሩ የሚታወቀው ሌባ የመጣ ዕለት ነው።

ይህ ባዶ ማስፈራሪያ እንዳልሆነ የሚያሳይ የቅርብ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በሜይ 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ በብዙ አገሮች የሚገኙ ኮምፒዩተሮችን በአንድ ጊዜ ወረረ። ፋይሎችን ይቆልፍና 300 ዶላር በቢትኮይን ካልተከፈለኝ አልፈታም ይል ነበር። የእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበር። ከ236 የጤና አስተዳደሮች ቢያንስ 80ው ሥራቸው ተስተጓጎለ፤ 19 ሺህ ያህል የሕሙማን ቀጠሮም ሳይሰረዝ እንዳልቀረ ተገምቷል። እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው ነገር አለ። ማይክሮሶፍት የዚያን ቀዳዳ መድፈኛ ያወጣው ከጥቃቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነበር። ጉዳቱ የደረሰው መድፈኛውን ባልጫኑ ኮምፒዩተሮች ላይ ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ እንዳለ የሚቀር ነጋዴ ደግሞ ልጫን ቢል እንኳ የሚጭነው አይኖረውም።

እንግዲያው ወደ አዲሱ መሻገር ነው ከተባለ፣ የዘንድሮው መሻገር ከቀድሞዎቹ የተለየ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ 7 ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሰናበት ብዙ ሰው በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ዊንዶውስ 10ን ጭኖ ሥራውን ቀጥሏል። ዊንዶውስ 11 ግን ማሽኑንም ይመርጣል። በኢንቴል በኩል ጥቂት ሞዴሎች ሲቀሩ ስምንተኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ፣ 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታ፣ እንዲሁም ቲፒኤም 2.0 የሚባል የሚስጥር ቁልፍ መጠበቂያ ይጠይቃል። የኢንቴል ስምንተኛው ትውልድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ስለዚህ በ2008 ዓ.ም. የተገዛ፣ ደህና ሆኖ የሚሠራ፣ ባለቤቱም ያልተማረረበት ኮምፒዩተር ሳያረጅ ጡረታ ወጣ ማለት ነው።

ነገሩ ለኛ አገር ነጋዴ የሚከብደው በሌላም ምክንያት ነው። ኮምፒዩተር የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። አምስት ኮምፒዩተር ያለው አነስተኛ ድርጅት አምስቱንም ልቀይር ቢል የዓመት ትርፉን ሊበላበት ይችላል። ስለዚህ «ሁሉንም ጥለህ አዲስ ግዛ» የሚለው ምክር ለሻጭ እንጂ ለገዢ የሚመች ምክር አይደለም።

በዚህ ረገድ በራሴ የደረሰውን ልናገር። ወሬውን ሰምቼ ከደነገጡት አንዱ እኔ ነበርኩ። ለቢሮዬ ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች ለመግዛት ወደ አንድ መደብር ጎራ አልኩ። ሻጩ ወጣት ትሕትናው የሚያስደስት ነበር። «ጋሼ፣ አያስቡ፤ ሁለቱም ላይ ዊንዶውስ 11 ተጭኗል» ብሎ ስክሪኑን አሳየኝ። እውነትም ተጭኗል። ከፍዬ ወጣሁ። በሦስተኛው ሳምንት የሒሳብ ሠራተኛችን ወንድም ላፕቶፖቹን ሲያያቸው ፕሮሰሰራቸው ስድስተኛ ትውልድ ሆኖ ተገኘ። ዊንዶውስ 11 የተጫነው መመዘኛውን በሚያዘልል ዘዴ ነበር። ላፕቶፖቹ ይሠራሉ፤ ሐሰት የለበትም። ነገር ግን መመዘኛውን የማያሟላ ማሽን መድፈኛ ለማግኘቱ ዋስትና እንደሌለው አምራቹ ራሱ ገልጿል። የተሻገርኩት ደግሞ ለዚያው ዋስትና ብዬ ነበር። ተመልሼ ስሄድ ደረሰኙ ላይ የታተመችውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የምትል መስመር አሳዩኝ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሉ የለ!

ከዚህ የተማርኩት ዊንዶውሱን ሳይሆን ፕሮሰሰሩን መጠየቅ እንደሚገባ ነው። ኢንቴል ኮር የተባሉት ላይ ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ትውልዱን ይናገራል። 6500 ከሆነ ስድስተኛ፣ 8250 ከሆነ ስምንተኛ፣ 10210 ከሆነ አሥረኛ ትውልድ ነው። ለማረጋገጥ ደግሞ ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠው ፒሲ ኸልዝ ቼክ የተባለ መመርመሪያ አለ። ገንዘብ ከመቁጠርዎ በፊት እዚያው መደብሩ ውስጥ እንዲከፍቱልዎ ይጠይቁ። እምቢ ያለ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል ማለት ነው። በተቃራኒው ደግሞ «አይችልም» ተብሎ ሊጣል የደረሰ ኮምፒዩተር ሁሉ የማይችል ነው ብለው አይቀበሉ። ቲፒኤሙ በውስጡ እያለ በባዮስ ማስተካከያው ላይ ስለተዘጋ ብቻ የወደቀ ሊኖር ይችላል። እሱን መክፈት ምንም ዕቃ መግዛት አይጠይቅም።

ማሽኑ ቢያልፍም ግን የሥራው ግማሽ ገና ነው። ነጋዴ የሚጠቀመው በላዩ ላይ ባሉት ፕሮግራሞች እንጂ በዊንዶውሱ በራሱ አይደለም። ብዙ ድርጅቶች ሒሳባቸውን የያዙት በቆዩ የፒችትሪ እትሞች ነው። የቆየው እትም በአዲሱ ላይ መሥራት አለመሥራቱን በአንድ ኮምፒዩተር ሳይሞክሩ ሁሉንም መቀየር የዓመት መዝጊያ ሒሳብን ለዕድል መስጠት ነው። ዊንዶውስ 11 ባለ 64 ቢት ብቻ ሆኖ ስለወጣ፣ ባለ 32 ቢቱ ዊንዶውስ 10 ላይ ሲሠሩ የነበሩ የዶስ ዘመን ፕሮግራሞች እዚህ አይነሱም። የድሮ ፕሪንተርም አዲስ ድራይቨር ካልወጣለት እንዲሁ ሊቀር ይችላል።

የአማርኛ ሰነድ ያለው ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር በየራሱ ስልት ይጽፍ ነበር። በዚያ ዘመን የተጻፈ ውል ወይም ቃለ ጉባኤ ፎንቱ በሌለበት አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። ስለዚህ አሮጌው ኮምፒዩተር ከመሰናበቱ በፊት ፎንቶቹን ማስቀረት፣ ዋና ዋና ሰነዶችንም ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ ቢያንስ በፒዲኤፍ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

«መሻገሩ ይቅርብኝ፤ ጊዜ ልግዛ» ለሚልም መንገድ ነበረ። ኩባንያው የተራዘመ ጥገና ብሎ ለግለሰቦች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚቆየውን በ30 ዶላር፣ ቅንብራቸውን ወደ ኩባንያው ሰርቨር ለሚያስተላልፉ ደግሞ በነፃ አቅርቧል። ለድርጅቶች ያወጣው ዋጋ ግን ለአንድ ኮምፒዩተር በመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ሲሆን፣ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ እስከ ሦስት ዓመት ይሄዳል። ሦስቱ ዓመት ሲደመር 427 ዶላር ነው። በዚህ ገንዘብ መመዘኛውን የሚያሟላ ያገለገለ ኮምፒዩተር መግዛት ይቻል እንደሆነ ማስላት የነጋዴው ፈንታ ነው።

«ሊነክስ በነፃ አለልን» የሚሉም አሉ። አልተሳሳቱም። ኡቡንቱም ሆነ ሊነክስ ሚንት ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸውን ብዙ ማሽኖች ይቀበላሉ፤ በየጊዜውም መድፈኛ ይላክላቸዋል። ኢንተርኔት ለማየት፣ ደብዳቤ ለመጻፍና ሠንጠረዥ ለመሥራት ብቻ ለሚውል ኮምፒዩተር ሁነኛ መፍትሔ ነው። ነገር ግን የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ታሪክ መረሳት የለበትም። የከተማው አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮቹን ወደ ሊነክስ አሻግሮ፣ በ2017 ወደ ዊንዶውስ እንዲመለስ ምክር ቤቱ ወሰነ። ምክንያቱ እስካሁን ያከራክራል። ለኛ የሚሆነው ትምህርት ግን ዋጋው ነፃ የሆነ ነገር ሁሉ መሻገሪያው ነፃ አለመሆኑ ነው። ፒችትሪ የሚሠራበትን ኮምፒዩተር ወደ ሊነክስ እቀይራለሁ የሚል ሰው ሁለት ጊዜ ቢያስብ ይሻላል።

እንግዲህ ምን ይሁን? የእኔ ሐሳብ ኮምፒዩተሮቹን አንድ በአንድ መለየት ነው። መመዘኛውን የሚያሟላውን፣ ፈቃዱ ሕጋዊ ከሆነ፣ ያለ ክፍያ ወደ 11 ማሻገር ይቻላል። ባለሙያ ሲጠሩም «ፎርማት አድርግልኝ» ሳይሆን «ፋይሉ እንዳለ ወደ 11 አሳድግልኝ» ይበሉ፤ ልዩነቱ የሰነድ መጥፋትና አለመጥፋት ነው። የማያሟላውንና ቀላል ሥራ የሚሠራውን ሊነክስ መጫን፣ ወይም ከኢንተርኔት ነቅሎ ለጽሕፈት ብቻ ማዋል ይቻላል። አዲስ መግዛት ካስፈለገ ሒሳብ፣ የባንክና የግብር ጉዳይ ለሚሠራበት ኮምፒዩተር ቅድሚያ ይሰጠው። ከአምስቱ አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ መግዛት ሊበቃ ይችላል። ከሁሉም በፊት ግን የድርጅቱ ሰነድ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገልበጥና ከቢሮው ውጭ ይቀመጥ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን።

ለሻጮችም አንድ ቃል አለኝ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። መመዘኛ የተዘለለበትን ማሽን «ዊንዶውስ 11 አለው» ብሎ ብቻ መሸጥ ግማሹን እውነት መሸጥ ነው። «ትውልዱ ስድስተኛ ነው፤ ዋጋውም ለዚያ ነው የቀነሰው» ብሎ የሚናገር ሻጭ የዛሬውን ገዢ ቢያጣ እንኳ የነገውን ደንበኛ ያገኛል። እኔ በበኩሌ ሦስተኛውን ኮምፒዩተር የምገዛው እንዲህ ካለው ነው።

ለነጋዴው ወገኔ ደግሞ የምለው አንድ ነው፤ አይደንግጡ፣ አይቀመጡም። ነገ ጠዋት ቢሮ ሲገቡ ወረቀት ያውጡና የኮምፒዩተሮቹን የፕሮሰሰር ቁጥር ይጻፉ። አሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።