ጅምላ ወይስ ችርቻሮ?

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ «ሱፐር ማሪዮ 64» የተባለ የቪዲዮ ጌም በጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር ወጣለት ብልዎ ይስቁ ይሆናል። ጌሙ ብርቅ አይደለም፤ በዓለም ከ11 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ይህኛው ግን ከፋብሪካ እንደወጣ የታሸገ ነበር፤ ካሴቱም፣ የመመሪያ ደብተሩም፣ ካርቶኑም አልተነካኩም።

የተከፈተ ጌም ያለው ሰው ስሌቱ ሌላ ነው። ለሙሉው የሚከፍል ገዢ ጥቂት ነው፤ ካርቶኑ የጠፋበት ወይም ደብተሩ የተቀደደበት ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ለያይቶ ባዶ ካርቶኑን ለአንዱ፣ ደብተሩን ለሌላው ይሸጣል። ማርኬቲንግ ላይ ለምንሠራ ሰዎች ይህ አዲስ አይደለም፤ ጅምላው አልሄድ ካለ ይቸረቸራል። ሻጩ ያተርፋል። ዕቃውን መልሶ ማሟላት የፈለገ ግን የሚያገኘው የሌላ ካሴት ካርቶን ነው።

በአገራችን እኔ የማውቀው ትልቁ ችርቻሮ የተካሄደው ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ እዚያው ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ ደላንታ ሜዳ ላይ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ካለፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭኖ ደላንታ አወረደ። ጨረታው ሁለት ቀን ፈጀ። የተገኘው 5,000 ፓውንድ ያህል ገንዘብ ለወታደሩ ተከፋፈለ።

ንጉሡ መጻሕፍቱን ከየቦታው ያሰባሰቡት ለአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ለመቅደላ መድኃኔዓለም ነበር። ጨረታ ላይ ግን ሙሉ ቤተ መጻሕፍት የሚገዛ ወታደር የለም፤ አንድ መስቀል የሚገዛ ሞልቷል። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሰው ሪቻርድ ሆምስ ለተቋሙ 350 ገደማ የብራና መጻሕፍት ሰበሰበ። ከአንድ ወታደር ላይ ደግሞ የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ በ4 ፓውንድ ገዛ። ሁለቱም ዛሬ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ናቸው።

የተቸረቸረ ነገር ሲመለስም በችርቻሮ ነው። በአፄ ዮሐንስ ዘመን አንድ ክብረ ነገሥት መጣ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የብሩ ዘውድ ተመለሰ፤ የወርቁ እዚያው ቀረ (የትኛው እንደሚቀር የመረጠው ማን እንደሆነ መቼም አይጠፋዎትም)። በ1957 ዓ.ም. ቆብና ማኅተም፣ በ2011 ዓ.ም. የንጉሡ ጸጉር መጣ።

እኔን ደስ ያሰኘኝ የ2013ቱ ነው። በዚያው ክረምት፣ የማሪዮው ጌም ከመሸጡ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ እንግሊዝ አገር ዶርሴት ውስጥ አንድ አጫራች የመቅደላ መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች ለጨረታ አቀረበ። ኤምባሲያችን ጠይቆ ጨረታው እንዲቀር ተደረገ፤ ሼሄራዛድ ፋውንዴሽን ገዝቶ አስረከበን። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከሌሎች ቅርሶች ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ዋንጫዎቹ ከትልቅ እስከ ትንሽ የተደረደሩ ነበሩ፤ ከ150 ዓመት በላይ በሰው አገር ተቀምጠው አልተለያዩም።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ለእርስዎ ቤት ነው። እናት ሲያርፉ ድሪው ለታላቋ፣ አምባሩ ለታናሿ፣ ጉትቻው ለወንድም ሚስት ይደርሳል። ችግር የገጠመው ደግሞ ድርሻውን ወርቅ ቤት ወስዶ ያስመዝናል። ወርቅ ቤት የሚገዛው ግራሙን ነው፤ የእናትዎን ጌጥ ሙሉነት የሚመዝን ሚዛን የለውም። ስለዚህ ከመከፋፈሉ በፊት ሁሉንም አንድ ነጠላ ላይ ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱ። ማን ምን እንደወሰደ ጻፉ፤ ሁሉም ይፈርም። መሸጥ የፈለገ መጀመሪያ ለእህት ወንድሞቹ፣ ወርቅ ቤቱ በሚሰጠው ዋጋ ያቅርብ። ይህን ሐዘን ቤት ከሚያነሱት እናት በሕይወት ሳሉ፣ ቡና ላይ ቢነጋገሩበት ይሻላል፤ የትኛው ጌጥ ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ የሚያውቁት እሳቸው ናቸውና።

ከአያት የወረደ የብራና መጽሐፍ ካለዎት ግን ነገሩ ይለያል። ቅጠሉን እየገነጠሉ አንድ በአንድ የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ፤ ለግድግዳ የሚሆን ሥዕል ያለበት ገጽ ቶሎ ገዢ ያገኛል። የቅርስ አዋጁ (ቁጥር 209/1992) ቅርስን ያለፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። «አንዱን ገጽ ብቻ» የሚል ደላላ ከመጣ መጽሐፉን እንኳ አያሳዩት፤ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሄደው ያስመዝግቡት፣ የቅጠሉንም ብዛት ያስጽፉ።