ቪፒኤን የተቆረጠ መስመር አይቀጥልም
የካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክና ቴሌግራም ሲታገዱ ቪፒኤን መላ ነበር፤ እንደ ኡቡንቱ ያለ ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ተርሚናሉ ላይ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ዋየርጋርድ» ብሎ ይጽፍና ቁልፉን አስገብቶ በውጭ አገር ሰርቨር በኩል ያልፋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ግን ይህ ዘዴ ከንቱ ሆነ። ቪፒኤን ባለው ኔትወርክ ውስጥ መሿለኪያ ይከፍታል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም፤ መጫኛው ራሱ የሚወርደው ከኢንተርኔት ነው። ስለዚህ ለፍኖተ ሰላም ተማሪ፣ ለቡሬ በርበሬ ነጋዴ፣ ከውጭ አገር ልጃቸው መልእክት ለሚጠብቁ የገጠር እናት «ቪፒኤን ጫኑ» ማለት ያኔ ምክር አልነበረም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 መረጃ የመፈለግና የመቀበል ነጻነትን ለሁሉም ሰው ሰጥቷል። ጸጥታ ማስከበር የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ሚሊዮኖችን በጅምላ ከዓለም መነጠል ግን ሊቆም ይገባል።